የካቲት 23 እና አኖሌ

የካቲት 23 በሰው ስም አይጠራም፤ የሚዘከረው በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተገኘው ድል ነው። በዕለቱ የሚነሣው ክርክር ግን ዞሮ ዞሮ ጦሩን በመሩት በዐፄ ዳግማዊ ምኒልክ ላይ ያርፋል። በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ወሰን ላይ ባለችው ፉሪ ታሪክ የሚያስተምር ሰው ሁለት ትዝታዎችን አንድ ዴስክ ላይ ያገኛቸዋል፦ አንዱ ተማሪ ከቤቱ ምኒልክ ለዓድዋ ያወጁትን የክተት ዐዋጅ ሰምቶ መጥቷል፣ አጠገቡ ያለው አኖሌን።

አኖሌ ከዓድዋ ይቀድማል። በ1870ዎቹ የምኒልክ የሸዋ ጦር፣ በተለይ በራስ ዳርጌ አዝማችነት፣ አርሲን ለማስገበር ደጋግሞ ዘመተ። የአርሲ ኦሮሞዎች በጦርና በጋሻ ጠብመንጃን ለዓመታት ተቋቋሙ፤ በ1878 ዓ.ም. አዙሌ ላይ ግን ክፉኛ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ አኖሌ ላይ የሰው እጅና ጡት ተቆረጠ የሚለው ነገር በአርሲ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው። የታሪክ ጸሐፍት በዚህ አይስማሙም፤ ዘመቻው ብዙ ደም ማፍሰሱ ግን አያከራክርም። በ2006 ዓ.ም. ሂጦሳ ላይ የተመረቀው ሐውልት ጡት የያዘ እጅ ነው። ለማልቀስም ለመቆጣትም የሚበቃ ምስል ነው፤ ለማስተማር ግን ያስቸግራል፣ ጥያቄ ሳይጠየቅ መልሱን ይሰጣልና።

ብዙዎች የየካቲት 23ን ክርክር ከአሜሪካው የኮሎምበስ ቀን ክርክር ጋር ያመሳስሉታል። እ.ኤ.አ. በ1891 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ 11 ጣሊያናውያን በመንጋ ተገደሉ። ፕሬዚዳንት ሃሪሰን በቀጣዩ ዓመት ኮሎምበስ እንዲታሰብ ሲያውጁ፣ ለተናቁት ስደተኞች ቀኑ የክብር ካሳ ሆነ። (የእነዚሁ ስደተኞች አገር ጦር አራት ዓመት ቆይቶ ዓድዋ ላይ ወራሪ ነበር።) ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ግን ኮሎምበስ የወረራ ምልክት ነው፤ በርክሌይ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1992 ቀኑን ለእነርሱ አዋለችው።

ንጽጽሩ ግማሽ መንገድ ብቻ ያስኬዳል። ኮሎምበስ ከወጣ የእርሱ ቀን ባዶ ነው፤ የካቲት 23ን መተው ግን ዓድዋ የዋሉትን የኦሮሞ ፈረሰኞችም ማስቀረት ነው። ንጽጽሩ ይበልጥ የሚገጥመው በ1923 ዓ.ም. ፒያሳ ለቆመው የምኒልክ ሐውልት ነው፤ እርሱ የሰው ክብር ነው።

በክፍል ውስጥ የሚጠቅመው ሰሌዳው ላይ 1878ን እና 1888ን ጎን ለጎን መጻፍ ነው። በመካከላቸው 10 ዓመት ብቻ መኖሩን ያየ ተማሪ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ፈረሰኞቹ ወደው ነው የዘመቱት ወይስ ተገደው? መልሱ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ደወሉ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይደወላል።