ተረትና እውነታ፦ ከገላን እስከ ሱሉልታ ስለ ዌብሳይት የሚወራው

የአዳማን መንገድ ይዞ ገላን ለሚገባ ሰው ግራና ቀኙ ፋብሪካና መጋዘን ነው። ሰበታ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መነሻ ናት፤ ሱሉልታ የአትሌቶች መለማመጃና የእንግዳ ማረፊያ ከተማ፤ ቡራዩ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጋር አብራ ውላ አብራ የምታድር። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች የሚሠራ ነጋዴ ዌብሳይት ሲያስፈልገው መጀመሪያ የሚያፈላልገው “ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ” ነው። ልጁ በሰው በሰው ይገኛል። ዋጋ ይነገራል፤ ከዋጋው ጋር ተረቱም አብሮ ይነገራል።

“ሊኑክስ የባለሙያ ነው፣ ለእኛ ዊንዶውስ ይበቃናል” የሚለው ቶሎ የሚረታ ነው። ይህን የሚለው ሰው የያዘው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሊኑክስ ሲነካካ ነው የዋለው፤ አንድሮይድ የቆመው የፊንላንዱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.አ.አ. በ1991 በጀመረው ከርነል ላይ ነውና። የአማርኛው ዊኪፒዲያም የሚኖረው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። ያ የሚያስፈራው ጥቁር ስክሪን አለ፤ የሚያየው ግን ሰርቨሩን የሚያዋቅረው ሰው ነው። ዜናና ፎቶ የምትለጥፈው የቢሮ ጸሐፊ ከፌስቡክ እምብዛም ያልራቀ ገጽ ነው የሚጠብቃት።

ሌላው “ዌብሳይት ከባዶ ተጽፎ ነው፣ ሦስት ወር ይፈጃል” የሚለው ነው። ከባዶ የሚጻፍ አለ፤ ለአንድ የቀለም ፋብሪካ ወይም ለአንድ ሎጅ ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል እ.አ.አ. በ2003 የጀመሩት ዎርድፕረስ የተባለው የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር በነፃ የሚወርድ ነው፤ ጁምላና ድሩፓልም እንዲሁ። ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ በተጫነበት ሰርቨር ላይ ሥራው አጭር ነው። ገጹን የሚያቀርበው አፓቼ፣ ዳታቤዙ ማሪያዲቢና ቋንቋው ፒኤችፒ በአንድ ትእዛዝ ወርደው ይጫናሉ። ባዶ ዳታቤዝ ይከፈታል፤ ለእሱ ብቻ የሚሆን ተጠቃሚና ፓስወርድ ይፈጠራል። የዎርድፕረሱ ፋይል ተፈትቶ ቦታው ይቀመጣል፤ ከዚያ በብሮውዘር የሚመጣውን ቅጽ መሙላት ነው። ለለመደው ሰው አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ ያልቃል። ሦስት ወር የሚፈጅ ነገር ካለ የምርቱን ፎቶ ማንሳት፣ ጽሑፉን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አሳምሮ መጻፍና ባለቤቱን “የስልክ ቁጥሩ የትኛው ይሁን?” ብሎ መልስ መጠበቅ ነው። ክፍያም ለዚህ ቢሆን ያምራል።

ሥር የሰደደው ተረት ግን “አማርኛ ዌብሳይት ላይ አይሠራም” የሚለው ነው። እንዲያው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ቀድሞ እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ይሆን ነበር፤ አንባቢውም ፎንቱን ካላወረደ አያነብም። እ.አ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለየፊደሉ ቋሚ ቁጥር ሰጥቶ ይህን ዘጋው። ዛሬ “ለማንበብ ይህን ፎንት ያውርዱ” የሚል ገጽ ካለ ኋላ የቀረው ገጹ ነው።

ታዲያ ለምን አሁንም በጥያቄ ምልክት የተሞላ ዜና ይታያል? መልሱ ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ የተወለደው ስዊድን ነው። እስከ 5.7ኛው ስሪት ድረስ፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር፣ የሚመርጠው የፊደል ስብስብ ላቲን 1 ነበር፤ የቃላት ቅደም ተከተሉ እንኳ የስዊድንኛ ነበር። እ.አ.አ. በ2018 የወጣው 8.0 ነው ይህን የዩኒኮድ ፊደሎችን ሁሉ ወደሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የቀየረው። ላቲን 1 ውስጥ “ሰ” የሚባል ፊደል የለም፤ ስለዚህ በቦታው የጥያቄ ምልክት ይገባል። በእነዚህ ከተሞች ጉዳዩን አሳሳች የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። ድረ ገጹ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ሲሞከር ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ቁቤ የላቲን ፊደል ነውና። ርክክቡ ያልቃል፣ ሂሳቡ ይከፈላል፤ ጉዱ የሚታየው የአማርኛው ገጽ ሲሞላ ነው። ያኔ ጥፋቱ በቋንቋው ላይ ይለጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ8 ሲጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የአማርኛ ፊደሎች የመጀመሪያ ባይት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው። ገጹ ላይ በየሦስት ምልክቱ ጭረት ያለባት ትንሽ የላቲን ኤ እየተመላለሰች ከታየች ጽሑፉ አልጠፋም፤ የተሳሳተው አነባበቡ ብቻ ነው፣ ይስተካከላል። ዳታቤዙ ራሱ ተከፍቶ ሲታይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን ፊደሉ የለም። ከባክአፕ ካልሆነ በስተቀር ማንም ሊቅ አይመልሰውም።

የማይኤስኪውኤል “ዩቲኤፍ8” የሚባለው የቆየ ምርጫ ደግሞ ከሦስት ባይት በላይ አይችልም። ለአማርኛ ይበቃል። ግን የሰበታን መንገድ ይዞ ወደ ወልቂጤ የሚመላለስ አንድ የጉራጌ ማኅበር፣ እ.አ.አ. በ2021 ዩኒኮድ 14 የጨመራቸውን የጉራጊኛ ፊደሎች ልጠቀም ቢል አይችልም፤ እነሱ አራት ባይት ናቸው። ዳታቤዙ ወይ ስህተት ነው ብሎ ይመልሰዋል፣ ወይም ጽሑፉን እዚያው ይቆርጠዋል። ሲጫን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብሎ መምረጥ አንድ መስመር ነው።

ስለ ቋንቋ ከተነሳ አይቀር፣ የአማርኛ ርእስ በአድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆኖ ይመነዘራል። ዎርድፕረስ ለዚህ የመደበው ቦታ 200 ምልክት ነው፤ ማለትም ከ22 የማይበልጥ ፊደል። ረጅም ርእስ የሚወድ አዘጋጅ ሊንኩ መሃል ላይ ተቆርጦ፣ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ደግሞ በፐርሰንት ምልክት ተሞልቶ የሚያገኘው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ አጭር አድራሻ በላቲን መስጠት ነው፤ ደስ አይልም፣ ይሠራል።

አፋን ኦሮሞም የራሱ ፈተና አለው። ሁዻ የምትባለው ነጠላ ጭረት በቁቤ ፊደል ናት፤ “ቡኣ” (ጥቅም፣ ውጤት) ያለ እሷ አይጻፍም። በዳታቤዝ ትእዛዝ ውስጥ ግን ያችው ጭረት “ጽሑፉ እዚህ አበቃ” ማለት ናት። ዎርድፕረስ ራሱ ይህን ያውቀዋል። በእጅ የተጻፈና ያልተጠነቀቁለት የአስተያየት መስጫ ቅጽ ግን አንድን የቡራዩ ደንበኛ ቋንቋውን በትክክል ስለጻፈ ብቻ ስህተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ይህ ከማሳፈሩም በላይ ምልክት ነው፦ ሁዻ የሚሰብረውን ቅጽ ሰርጎ ገብም ይሰብረዋል። ዳታቤዝ ውስጥ ሾልኮ መግቢያው ጥንታዊ ዘዴ የሚጀምረው ከዚችው ጭረት ነው።

አሁን “777” ወደሚባለው የፋይል ፈቃድ እንምጣ። ዎርድፕረስ ተጭኖ ፎቶ ሲጫን “ፎልደሩ ላይ መጻፍ አልተቻለም” ይላል፤ ወይም ፕለጊን ሲጨመር የኤፍቲፒ ፓስወርድ ይጠይቃል። በየሰፈሩ የሚሰጠው ምክር “ሁሉንም 777 አድርገው” ነው፤ ደግሞም ይሠራል፣ ተረቱንም ያጸናው ይኸው መሥራቱ ነው። በሊኑክስ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 7 ይሆናሉ፤ ሦስት ጊዜ 7 ሲባል ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና በሰርቨሩ ላይ ላለ ለማንኛውም ሌላ ተጠቃሚ ሁሉንም መፍቀድ ነው። ብዙ ደንበኛ በሚጋራው ሆስቲንግ ላይ “ማንኛውም” የሚለው ቃል የማያውቁትን የጎረቤት ዌብሳይት ሊጨምር ይችላል። የዳታቤዙ ፓስወርድ የተቀመጠበት ፋይልም አብሮ ይከፈታል።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ የባለቤትነት ነው። ፋይሎቹን የገለበጠው ሰው በራሱ ወይም በዋናው አስተዳዳሪ ስም ያስቀምጣቸዋል፤ አፓቼ ደግሞ ኡቡንቱ ላይ የሚሠራው በሌላ ተጠቃሚ ስም ነው። ባለቤቱን አስተካክሎ ፎልደሩን 755፣ ፋይሉን 644 ማድረግ ይበቃል። በአልማሊኑክስና በሮኪ ሊኑክስ ላይ እንዲያውም 777 ተደርጎም እምቢ ሊል ይችላል፤ ሴሊኑክስ የሚባለው ሌላ ዘበኛ አለ። የባሰባቸው እሱንም ያጠፉታል።

“የእኛን ዌብሳይት ማን ይነካዋል?” የሚለውን ምናልባት የ2012 ዓ.ም. ዜና ሳያጠናክረው አልቀረም። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ሳይበር ሆረስ የተባለ ቡድንን ጨምሮ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ሰርጎ ገቦች በኢትዮጵያ ድረ ገጾች ላይ ተነስተው ነበር፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲም (ኢንሳ) ሙከራውን ማክሸፉን አስታወቀ። አጥቂ ማለት በዓባይ ጉዳይ የሚነሳ ባላንጣ ከሆነ የሱሉልታ ካፌ ምን አገባው? አብዛኛው አጥቂ ግን ባላንጣ አይደለም። ስም ሳይመርጥ በር የሚያንኳኳ ፕሮግራም ነው፤ የሚፈልገውም ከሌላው ሰርቨር ጋር ደምሮ አጭበርባሪ ኢሜይል የሚልክበት ማሽን ነው።

ድሩፓል ላይ የደረሰው ይህን ያሳያል። ጥቅምት 5 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ የድሩፓል ቡድን አደገኛ ቀዳዳ መገኘቱንና መድፈኛው መውጣቱን አስታወቀ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ግን የከፋ ነበር፦ በዚያው ሌሊት እስከ 8 ሰዓት፣ ማለትም በሰባት ሰዓት ውስጥ፣ ያልታደሰ ድሩፓል 7 ሁሉ እንደተጠለፈ ይቆጠር። ሳያድሱት ታድሶ ካገኙትም አይደሰቱ፤ የገባው ሰው ሌላ እንዳይገባበት ከኋላው ዘግቶት ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ያለ አስተዳዳሪ እራቱን በልቶ ተኝቶ ነበር። ዎርድፕረስ እ.አ.አ. ከ2013 ጀምሮ ጥቃቅን የደኅንነት እድሳቶችን በራሱ ይጭናል፤ “ያበላሽብኛል” ብሎ ይህን የሚያጠፋ ሰው ለምን እንዳጠፋው መጠየቅ አለበት።

ቀድሞ በብሮውዘሩ የአድራሻ መስመር ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታይ ከነበረው የቁልፍ ምልክት ጋር የተያያዘ ተረትም አለ፤ ቁልፍ ያለው ገጽ አስተማማኝ ነው ይባላል። ቁልፉ የሚጠብቀው በአንባቢውና በሰርቨሩ መካከል ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት ብዙ ብር ከፍሎ መግዛትም ግድ አይደለም፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት እ.አ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሰርተፊኬት በነፃ ይሰጣል፣ እድሳቱንም ሰርቨሩ ራሱ ያከናውናል። ብዙዎች የማያውቁት ግን የተሰጠ ሰርተፊኬት ሁሉ ስሙ በይፋ መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር ነው። መዝገቡን የሚከታተሉ ፕሮግራሞች አዲስ ስም እንዳዩ ገጹን ይከፍታሉ። ዎርድፕረሱን ፈትቶ፣ ሰርተፊኬቱን አውጥቶ “ቅጹን ነገ እሞላዋለሁ” ብሎ የሄደ ሰው ነገ ሲመጣ ቅጹን ሌላ ሰው ሞልቶት፣ የአስተዳዳሪነቱን ፓስወርድ ወስዶት ሊያገኝ ይችላል።

ሰርቨሩን ገላን ቢሮ ውስጥ ማስቀመጥ የራስ ማድረግ ይመስላል። መብራት ሲሄድ ግን ገጹም ይሄዳል፤ ዳታቤዙ መሃል ላይ ሲቋረጥ ሊበላሽ ይችላል። ውጭ አገር ማስቀመጡም ሙሉ መፍትሔ አይደለም። ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ውጭ ያለ ዌብሳይት ለዳያስፖራው ይታይ ነበር፤ ባለቤቱ ግን ገብቶ አንዲት ቃል መቀየር አይችልም ነበር።

“ባክአፑን ሆስቲንጉ ይይዝልናል” ለሚሉ ደግሞ የፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ አለች። እ.አ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ኦቪኤች የተባለው የሆስቲንግ ኩባንያ ዳታ ሴንተር እዚያ ተቃጥሎ አንዱ ሕንፃ እንዳለ ወደመ፤ ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። የዎርድፕረስ ሙሉ ባክአፕ ሁለት ነገር ነው፤ የዳታቤዙ ግልባጭና ፎቶ፣ ቴምና ፕለጊን ያሉበት ፎልደር። ፎልደሩን ብቻ የገለበጠ ሰው ፎቶ እንጂ አንድ ዓረፍተ ነገር የለውም።

“ነፃ ነው” የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ሆስቲንጉ ግን ብዙ ጊዜ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የ60 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ከ3,500 ብር ገደማ ወደ 6,000 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ። ኢትዮ ቴሌኮም የሚያስተዳድረውን የኢቲ (.et) ዶሜይን በብር መክፈል ለብዙዎች የሚቀለው ለዚህም ጭምር ነው። የትኛውም ይመረጥ፣ ዶሜይኑ የተመዘገበው በማን ስም እንደሆነና የማደሻው ማሳሰቢያ በማን ኢሜይል እንደሚመጣ ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ይታይ። “ልጁ” ሥራ ቀይሮ ወይም አገር ለቆ ማሳሰቢያውን ካላየው የዶሜይኑ ጊዜ ያልፋል። ካለፈ በኋላ ክፍት ከሆነ ማንም ሊመዘግበው ይችላል፤ ፋብሪካው በየካርቶኑ ላይ ያሳተመው አድራሻም የሌላ ሰው ሱቅ ይከፍታል።