ሕግ ያልሰየመው ወንጀል

ለመሆኑ አንድ የኤሌክትሪክ ምልክት «ተመዝግቧል» ወይም «ተከማችቷል» ለማለት በአንድ መሣሪያ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ መቆየት አለበት? ጥያቄው ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ የወጣ ይመስላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1988 በብሪታንያ የመጨረሻው የይግባኝ ችሎት በነበረው የሎርዶች ምክር ቤት የሁለት ሰዎችን ዕጣ የወሰነው ይኸው ጥያቄ ነበር።

ሮበርት ሺፍሪንና ስቲቨን ጎልድ ፕሬስቴል ወደተባለው የብሪቲሽ ቴሌኮም የመረጃ አገልግሎት በሌላ ሰው የይለፍ ቃል ገብተው፣ የንግሥቲቱን ባለቤት የልዑል ፊሊፕን የመልእክት ሣጥን ሳይቀር ከፍተው ነበር። በወቅቱ የሌላውን ኮምፒውተር ያለፈቃድ መክፈትን በስሙ ጠርቶ የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ፣ ዐቃቤ ሕግ ክሱን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የሐሰተኛ ሰነዶች ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሐሰተኛው መረጃ በዲስክ፣ በቴፕ ወይም በመሰል መሣሪያ «የተመዘገበ ወይም የተከማቸ» መሆን ነበረበት። የይለፍ ቃሉ ግን በማሽኑ ሜሞሪ ውስጥ የሚቆየው ትክክለኛነቱ እስኪጣራ ለቅጽበት ብቻ ሲሆን፣ ወዲያው ይሰረዛል። በመሆኑም የመጀመሪያው ፍርድ ቤት የገንዘብ መቀጮ የጣለባቸው ሁለቱ ሰዎች በይግባኝ ነፃ ወጡ፤ የሎርዶች ምክር ቤትም ይህንኑ አጸና። ፓርላማው ክፍተቱን የደፈነው እ.ኤ.አ. በ1990 ኮምፒውተርን ያለአግባብ መጠቀምን የሚቀጣ ሕግ በማውጣት ነው።

የችግሩ ሥር ያለው በራሱ በመረጃ ባሕርይ ውስጥ ነው። የቀደሙት የወንጀል ሕጎች የተጻፉት ለሚዳሰስ ዓለም ነበር። በሬ ሲሰረቅ ባለቤቱ በሬውን ያጣል፤ ፋይል ሲገለበጥ ግን ዋናው ከቦታው አይነቃነቅም። በሬ በድንበር ላይ ሊያዝ ይችላል፤ የመረጃ ምልክት ግን በሽቦና በብርሃን አስተላላፊ ክር ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከአህጉር አህጉር ይሻገራል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 በግልጽ ታየ። ከፊሊፒንስ የተነሣውና «አይ ላቭ ዩ» የተሰኘው ጎጂ ፕሮግራም በኢሜይል ተዛምቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን በከለ። ዋናው ተጠርጣሪ በማኒላ የኮምፒውተር ትምህርት የተከታተለ ወጣት ነበር። ነገር ግን አገሪቱ እንዲህ ያለውን ድርጊት የሚቀጣ ሕግ አልነበራትም። በሰኔ ወር አዲስ ሕግ ቢጸድቅም፣ የወንጀል ሕግ ወደኋላ ተመልሶ አይቀጣምና ክሱ በነሐሴ ወር ተቋረጠ።

በአገራችንም ቢሆን ፍርድ ቤት በሕግ ያልተደነገገን ድርጊት እንደ ወንጀል ቆጥሮ ሊቀጣ አይችልም። ስለዚህ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 706 ጀምሮ በኮምፒውተር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ደነገገ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወጣ። አዋጁ «ሕገወጥ ደራሽነት»ን፣ ማለትም ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ሆነ ብሎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን፣ ከጠለፋና ጉዳት ከማድረስ ለይቶ ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። በሌላ አነጋገር፣ የጓደኛውን የይለፍ ቃል ገምቶ የገባ ተማሪ «ምንም አላበላሸሁም» ቢል መግባቱ ብቻውን ያስጠይቀዋል።

ይህ ማለት የማወቅ ጉጉት ወንጀል ሆነ ማለት አይደለም። በራስ ማሽን ላይ፣ ወይም ከባለቤቱ በግልጽ በተሰጠ ፈቃድና በፈቃዱ ወሰን ውስጥ የሥርዓትን ድክመት መፈተሽ ጠቃሚ ሙያ ነው። ሆኖም ሕጉ ቃላቱን ሲያጠብ ጥፋተኛው ያመልጣል፤ ከመጠን በላይ ሲያሰፋም ንጹሑ ተመራማሪ ይጠመዳል። ሚዛኑን ለመጠበቅ ሜሞሪ እንዴት እንደሚሠራና ምልክት እንዴት እንደሚጓዝ የሚያውቁ ሰዎች ከሕግ ባለሙያዎች ጎን መቀመጥ አለባቸው። ዛሬ በመማሪያ ክፍል ያላችሁ ተማሪዎች ነገ ለዚህ ሥራ ትፈለጋላችሁ።