«ይህንንስ አያይም እንዴ?»

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ ሄጄ ዳኛው ላይ ሁለት ጊዜ ጮህኩበት። ዕድሜ ልኬን በነርስነት በሽተኛውን «ታገሡ»፣ አስታማሚውን «ተረጋጉ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የልጅ ልጅ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል።

መጀመሪያ፣ የእኛው ልጅ ኳሷን እያነጠረ ሲገሰግስ ተከላካዩ ትከሻውን ታከከው። ፊሽካ የለም። ልጁ ግን ሳይደናቀፍ ሄዶ አገባ። ኋላ ደግሞ አንድ የተቃራኒ ቡድን ልጅ ለመወርወር ዘሎ አየር ላይ ሳለ፣ የእኛው አንድ እርምጃ ተጠጋው። ያኛው ሲወርድ የእኛን ልጅ ጫማ ረገጠና ተንገዳገደ። ፊሽካው ጮኸ። «እሱ ራሱ አይደል የረገጠው!» ብዬ ተነሣሁ።

ጨዋታው ሲያልቅ ዳኛውን ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። ወጣት ነው፤ አልተቆጣም።

«እናቴ፣ መነካካት ሁሉ ፋውል ቢሆን ከፊሽካ በቀር የምትሰሙት አይኖርም ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሙሉው ሜዳ 28 ሜትር በ15 ሜትር ነው፤ በዚያ ላይ ዐሥር ሰው ይሯሯጣል። ዳኛው የሚመዝነው መነካቱን ብቻ ሳይሆን ንክኪው ያደረገውን ነው። ሚዛኑን አሳተው? ፍጥነቱን ቀማው? ውርወራውን አበላሸበት? ቦታውን ቀድሞ የያዘውስ ማን ነው? እያንዳንዱ ተጫዋች በምናብ የተሳለ በርሜል ውስጥ እንደቆመ ይታሰባል። ተከላካይ በራሱ በርሜል ውስጥ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ቢዘል፣ አጥቂው መጥቶ ቢላተመው እንኳ ጥፋተኛ አይሆንም። ይህ ሁሉ የሚወሰነው ዓይን እስኪርገበገብ ባለ ጊዜ ነው፤ እኛ ወላጆች ደግሞ የምናየው የራሳችንን ልጅ ብቻ ነው።

የዘለለ ተጫዋች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከተነሣበት ቦታ ላይ የመውረድ መብት አለው፤ ከዘለለ በኋላ እግሩ ሥር መግባት አይፈቀድም። ይህን ሲነግረኝ አፈርኩ። ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እንዲህ ሰው ጫማ ላይ ሲያርፉ መሆኑን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ሲወርድ ዓይኑ ቅርጫቱ ላይ ነው፤ እግሩን የሚያዘጋጅበት ጊዜ የለውም። ስንቱን ልጅ ያበጠ እግሩን አስደግፌ በፋሻ ጠቅልያለሁ!

ጨዋታውን በ1891 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝም ኋላ ሐኪም ሆኗል። ገና በመጀመሪያዎቹ 13 ደንቦች ሁለተኛ ጥፋት የሠራ ተጫዋች የሚቀጥለው ጎል እስኪገባ እንዲወጣ፣ ለመጉዳት አስቦ ያደረገው መሆኑ ከታየ ግን ለጨዋታው በሙሉ፣ ያውም ያለ ተቀያሪ፣ እንዲባረር አዟል። የሰውየውን ሐሳብ መገመት ያኔም ለዳኛ የተተወ ሥራ ነበር። ዛሬ በዓለም አቀፉ ደንብ አምስት ፋውል የሞላበት ይወጣል።

ከሜዳው ስንወጣ ያንን ልጅ አገኘሁትና «እስቲ እግርህን ልይ» አልኩት። የልጅ ልጄ አጠገቤ ቆሟል።

«እማማ፣ እኔ እኮ አልገፋሁትም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት የልጁን ቁርጭምጭሚት እየዳሰስኩ፣ «መውረጃውን ነው የወሰድክበት።»