ያውቁ ኖሯል? በ3 ዶላር የተገዛው ተዋናይ
(ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)

ዲዝኒ በ1957 ባወጣው «ኦልድ የለር» ፊልም ላይ ሞቶ ትልቅ ትንሹን ያስለቀሰው ቡላ ውሻ፣ የራሱ ስም ስፓይክ ነበር። አሠልጣኙ ፍራንክ ዌዘርዋክስ ከካሊፎርኒያ የእንስሳት መጠለያ በ3 ዶላር እንደገዛው ይነገራል።

ታሪኩ የ1860ዎቹ ቴክሳስ ነው። ውሻው ቤተሰቡን ከተኩላ ሲከላከል ይነከሳል፤ ተኩላው ለካ ያበደ ኖሯል። የሳይንቲስቱ የፓስተር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሰው ላይ የተሞከረው በ1885 ነው፤ ስለዚህ ዘግተውበት ከመጠበቅ ሌላ ምን ያድርጉ? አንድ ምሽት ያ ገር ውሻ ጥርሱን አግጥጦ ሲያጉረመርም፣ ጠመንጃ የሚያነሣው አሳዳጊው ልጅ ትራቪስ ራሱ ነው። ጥይቱ ውሻው ላይ ሲያርፍ አናይም። የልጁን ፊት እናያለን፣ ተኩሱን እንሰማለን። ደም ከማሳየት ይልቅ ይኼ ይከብዳል ባይ ነኝ።

ስፓይክ በ1960 «ኤ ዶግ ኦፍ ፍላንደርስ» ፊልም ላይ ፓትራሽ የተባለውን ውሻ ሆኖ ተመልሷል። ፊልሙ በተመሠረተበት፣ በ1872 በታተመው መጽሐፍ የውሻው ባለቤት የሆነው ልጅም ውሻውም አንትወርፕ ካቴድራል ውስጥ ይሞታሉ። የፊልሙ ሰዎች ግን ጨከን አላሉም፤ ሁለቱንም አተረፏቸው።