ኦቾሎ ላይ ሻንጣ አይንከባለልም

እንግዶቼ ከመምጣታቸው በፊት ደውለው አብዝተው የሚጠይቁኝ «ምን ይዘን እንምጣ?» ብለው ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ከሁሉ ሩቁ የምትደርሱበት የት ነው? ተራራው ላይ ወዳለው የኦቾሎ መንደር ትወጣላችሁ ወይስ ከአርባ ምንጭ አታልፉም? ሰው ሻንጣውን የሚሞላው አየር መንገዱ በፈቀደለት ኪሎ ልክ ነው። 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች ከተፈቀዱለት ሁለቱንም ይሞላል። ለብቻው የተቆረጠ የአገር ውስጥ ትኬት ግን 20 ኪሎ ላይ ያቆመዋል፤ የኦቾሎ አቀበት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። መንደሩ ዓለት ላይ ነው የተቀመጠው፤ መኪና ከሚቆምበት ወዲያ ያለው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የሚወጣ የእግር መንገድ ነው። ባለጎማ ሻንጣ እዚያ ሲደርስ ሰው ይሸከመዋል።

ስለዚህ ትልቁን ሻንጣ ከተማ አስቀምጠን በጀርባ በሚታዘል ቦርሳ እንወጣለን። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ምን ይቅር ሲባል ነው። አርባ ምንጭ ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ደጋ ላይ ያለችው ጨንቻ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጠዋት በላብ የራሰ ሰው ማታ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ይህን ያነበበ እንግዳ የሁለት ወቅት ልብስ ጭኖ ይመጣል።

ወፍራም ጃኬት አታምጡ እላለሁ። ስስ ሹራብና ንፋስ የሚከላከል ቀላል ልብስ ይበቃል፤ የቀረውን ተራራው ላይ ታገኙታላችሁ። ሸማኔ በሞላበት አገር ሙቀት ከውጭ ማስመጣት ምን ይሉታል? የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው፤ የጨንቻው ማክሰኞና ቅዳሜ። ጋቢ ወይም ቡልኮ የገዛ ሰው ማታ ይደርበዋል፣ ሌሊት ይለብሰዋል፣ ቀን ድንጋይ ላይ አጥፎ ይቀመጥበታል። ኦቾሎ ላይ ይህ የመጨረሻው ጥቅም ቀላል አይደለም። ፈረንሳዊው የሰው ባህል አጥኚ ማርክ አቤሌስ ስለ ኦቾሎ ሸንጎዎች በ1983 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል፤ እሱን አንብበው የሚመጡ እንግዶች የመሰብሰቢያው ቦታ ላይ ከተቀመጡ መነሳት አይፈልጉም።

እንዲቀር የማልፈቅደው እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ሸሚዝና ረጅም ሱሪ ነው። ኦቾሎ ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት የተመላለሱበት፣ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ ያለበት አካባቢ ነው። በሽታው የሚኖረው በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ በሚያድሩት ሽኮኮዎች ላይ ነው፤ ወደ ሰው የምታሻግረው ድምፅ የሌላት፣ ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። በብዛት የምትናከሰው ከጀምበር መጥለቅ በኋላ ነው። በተራው አጎበር ቀዳዳም ልትገባ ትችላለች። ሽኮኮ ፎቶ ለማንሳት ቁምጣ ለብሶ ዋሻ ሥር ማምሸት የሚወድ እንግዳ አጋጥሞኛል፤ ቦርሳው ውስጥ አምስት ቁምጣ እንጂ አንድ ሱሪ አልነበረውም። ትንሽ መያዝ ጥሩ ነው፤ ግን የቀረው ነገር የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቆላው ላይ ለወባም ያው ልብስ ያገለግላል፤ የወባ መከላከያውን መድኃኒት ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

ስለ ዝናብ አጭር ነገር ልበል። ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው ብሎ ጃንጥላውን ለእነዚያ ወራት የሚያስብ ብዙ ነው። አርባ ምንጭ ዙሪያ ከባዱ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፤ ከመስከረም በኋላም ይመለሳል። ልብሳችሁን ወደ ደጋ ከመውጣታችሁ በፊት ቆላ ላይ እጠቡ። አርባ ምንጭ ከሰዓት ሳይሆን ይደርቃል፤ ጨንቻ ጉም ውስጥ የተሰጣ ካልሲ በማግስቱም እርጥብ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው ሁለት ቅያሪ ይዞ ሳምንታት ይዞራል።

ከውጭ የሚመጣ የአገራችን ሰው ግን ይህ ምክር ብቻውን አይጠቅመውም። ሻንጣው የሱ አይደለማ! አንዲት እናት ሁለት የተወጠሩ ሻንጣዎች አስከትለው መጡና ቀለል ያድርጉት ብላቸው፣ «ልጄ፣ የእኔማ ይቺ ናት» ብለው የእጅ ቦርሳቸውን አሳዩኝ። የቀረው የሰው አደራ ነበር፦ ጫማ፣ ሽቶ፣ ቫይታሚን፣ የማን እንደሆነ የተጻፈበት ስልክ። እንዲህ ያለውን ሰው «ትንሽ ያዝ» ማለት ዘመዶችህን አስቀይም ማለት ነው፤ ከእሱ ጋር አልከራከርም። የምለው፣ አደራውን ለብቻው ሻንጣ አድርጉትና አዲስ አበባ አድርሳችሁ ባዶውን እዚያው ተዉት ነው። ወደ ደቡብ የሚወርደው የእጅ ቦርሳው ብቻ ይሁን።

ስትመለሱ ባዶው ሻንጣ ሽሮና በርበሬ ይጭናል። ቡልኮው ግን ብቻውን ኪሎ ይበላል። አውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል፤ ደርባችሁት ግቡ፤ የለበሳችሁት ሚዛን ላይ አይወጣም።