በሲ በተጻፉ የቋንቋ መተንተኛ ፕሮግራሞች የፋይሎችን ጥገኝነት በራስ-ሰር መከታተል

ሥነ-ምዕላድን የሚተነትኑ ፕሮግራሞች ፍጥነት ሲፈለግባቸው በሲ ይጻፋሉ፤ በመስኩ የታወቀው ፎማ አንዱ ምሳሌ ነው። ለቋንቋ አጥኚው የተንታኙ ውጤት ራሱን የቻለ መረጃ ነው፤ ፕሮግራሙ እንዴት እንደተገነባ ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ባለሙያ ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። መታለፍ የማይገባው ለምን እንደሆነ የጉራጊኛ ፊደላት በሚገባ ያሳያሉ።

ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም 3.0 ሲሆን፣ መሠረታዊዎቹ ፊደላት ከ4608 ጀምሮ ያሉት ቁጥሮች ተሰጧቸው። ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2021 በእትም 14.0 ሲገቡ ግን ቦታቸው ከ124896 የሚጀምር ሆነ። ይህም በ16 ቢት ሊያዝ ከሚችለው ከፍተኛ ቁጥር፣ ከ65535፣ ያልፋል። ስለዚህ ፊደልን በ16 ቢት ይይዝ የነበረ ተንታኝ ወደ 32 ቢት መለወጥ አለበት።

ለውጡ የአንድ መስመር ነው። የሲ ምንጭ ፋይሎች እያንዳንዳቸው ለብቻ ተተርጉመው ኦብጀክት ፋይል ይሆናሉ፤ ሊንከር ያጋጥማቸዋል። የጋራ ድንጋጌያቸው በራስጌ ፋይል ይቀመጣል። የፊደልን መጠን የሚወስነው ራስጌ «ፊደል»፣ ጽሑፉን የሚያነበው ምንጭ «ንባብ»፣ ቃሉን የሚከፋፍለው ምንጭ «ምዕላድ» ይባሉ እንበል። ራስጌው ተለወጠ፤ «ንባብ»ም በሌላ ምክንያት ታርሞ ስለነበር እንደገና ተተረጎመ። «ምዕላድ» ግን አልተነካምና የቀድሞ ኦብጀክቱ እንዳለ ቀረ። አንዱ 32 ቢት ይልካል፤ ሌላው 16ቱን ብቻ ይቀበላል። በሲ የፈንክሽን ስም የሚቀበለውን የመረጃ ዓይነት አብሮ ስለማይዝ ሊንከሩ ልዩነቱን አያይም። በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ 124896 የላይኛው ክፍሉ ተቆርጦ 59360 ይሆናል፤ ይህም ዩኒኮድ ለግል አጠቃቀም ከተዋቸው ቁጥሮች አንዱ ነው። መሠረታዊዎቹ ፊደላት ከ65535 በታች ስለሆኑ የአማርኛው መፈተኛ ጽሑፍ ያለ አንዳች እንከን ያልፋል። የሚጎዳው የጉራጊኛው ነው፤ ያውም በድግግሞሽ ሠንጠረዡ ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ ተቆጥሮ።

ሜክ የተባለው መሣሪያ የተፈጠረው ለዚሁ ዓይነት ችግር ነው። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ቤተ ሙከራዎች ለመጻፍ የተነሣሣው አንድ ባልደረባው፣ ምንጩ ታርሞ ሳለ እንደገና ያልተተረጎመ ፕሮግራም ሲመረምር ጧቱን ስላባከነ ነበር። ሜክ የፋይሎችን የለውጥ ሰዓት ያወዳድራል፤ ምንጩ ከኦብጀክቱ በኋላ ተለውጦ ከሆነ ያስተረጉማል። ምንጩን ግን አያነብም። «ምዕላድ» በ«ፊደል» ላይ መደገፉን የሚያውቀው በሜክፋይሉ ከተነገረው ብቻ ነው። ራስጌ ሌላ ራስጌ ስለሚያስገባ ደግሞ ይህን ዝርዝር በእጅ ጠብቆ መዝለቅ አይቻልም።

የትኞቹ ራስጌዎች እንደተከፈቱ አሳምሮ የሚያውቀው ኮምፓይለሩ ነው። ጂሲሲ «ኤምኤምዲ» የሚባለው አማራጭ ሲሰጠው፣ በሚተረጉምበት ጊዜ የተጠቀመባቸውን ራስጌዎች (የሥርዓቱን ሳይጨምር) በአንዲት ትንሽ ፋይል ይመዘግባል፤ ሜክም በሚቀጥለው ግንባታ ያነባታል። በመጀመሪያው ግንባታ መዝገቡ አለመኖሩ ጉዳት የለውም፤ ኦብጀክቱም ገና ስለሌለ ምንጩ መተርጎሙ አይቀርም። ይህ ዛሬ ግልጽ ቢመስልም፣ ቀደም ሲል ዝርዝሩ ከትርጉሙ በፊት በተለየ ትእዛዝ ይዘጋጅ ነበር፤ ትእዛዙም ይረሳ ነበር። «ኤምፒ» የተባለው ተጨማሪ አማራጭ ደግሞ አንድ ራስጌ ሲሰረዝ ግንባታው እንዳይቆም ያደርጋል።

ዘዴው የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። ራስጌው ከመዝገበ ቃላት ፋይል በሌላ ፕሮግራም የሚመነጭ ከሆነ፣ ከትርጉሙ በፊት መመንጨት እንዳለበት በሜክፋይሉ በግልጽ መጻፍ አለበት። የፊደሉ መጠን በራስጌ ሳይሆን በኮምፓይለር አማራጭ የሚወሰን ከሆነም መዝገቡ ለውጡን አያሳይም፤ እዚያ ላይ ኦብጀክቶቹን በሙሉ ሰርዞ እንደገና መገንባት ይቀላል።