የሳይንስ ምሩቅና የማሽላው እርሻ

በካርቱም ከተማ በጀብራ ሰፈር የኖረ ሐበሻ ሁሉ፤ ሱዳኖች ከዱራ፤ ማለት ከማሽላ፤ የሚጋግሩትን ኪስራ የተባለ ስስ እንጀራ ያውቀዋል። ነገር ግን በዚያች አገር የማሽላ እርሻ ላይ ታላቅ ለውጥ ካመጡት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ የሳይንስ ምሩቅ መሆናቸውን የሚያውቅ ብዙ አይደለም። የእኚህ ሰው፤ የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፤ ታሪክ በከፍተኛ የሳይንስ ትምህርት ላይ ያለ ወጣት ምን ዓይነት ችግር እንደሚያጋጥመውና ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ምን መንገድ ሊመርጥ እንደሚችል በጉልህ ያስረዳል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ገቢሳ ኤጄታ በ1950 ዓ. ም. በወሎንኮሚ መንደር ተወለዱ። እናታቸው ልጃቸውን ለማስተማር ቍርጥ ሐሳብ ስለ ነበራቸው በአቅራቢያው ከተማ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ልጁም እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጕዞ ሳምንቱን ሲማር ከሰነበተ በኋላ ዓርብ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ከዚያም በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፤ ቀጥሎም በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተምረው በ1973 ዓ. ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የኮሌጁ መምህራቸው በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ ከነበሩት ከዶክቶር ጆን አክስቴል ጋር አስተዋወቋቸው። ወጣቱም በየአውራጃው የማሽላ ዘር በመሰብሰቡ ሥራ ረዷቸው፤ ትጋታቸውን የተመለከቱት ዶክቶርም በፐርዱ ተማሪያቸው እንዲሆኑ ጠሯቸው። ስለዚህ የከፍተኛ ትምህርት በር የከፈተላቸው የፈተና ነጥብ ብቻ ሳይሆን በማሳ ላይ የታየው ሥራቸው ጭምር ነው።

ወደ ፐርዱ የገቡት በ1974 ዓ. ም. ሲሆን፤ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ አብዮት ተነሥቶ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደቀ። ተማሪ በባዕድ አገር ሳለ የአገሩ ሁኔታ ሲናወጥ፤ የወላጆቹ ደኅንነትና የመመለሻው ነገር በትምህርቱ ላይ የሚጨመር ሸክም ይሆንበታል። የሰብል ማዳቀል ትምህርት ራሱም ትዕግሥትን የሚፈትን ነው። ሰብሉ የሚያብብበት ጊዜ የተወሰነ ስለ ሆነ፤ ዝናብ ቢጐድል ወይም ተባይ ቢገባ ተማሪው ሌላ ወቅት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። እኩዮቹ ደመወዝ እየተቀበሉ ትዳር ሲይዙ እርሱ በጥቂት አበል ይኖራል፤ ለወላጆቹም የትምህርቱን ርዝመት ማስረዳት ይቸግረዋል።

እንዲህ ደክሞ የዶክቶርነት ማዕርግ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ሦስት መንገዶች ይቀርቡለታል፤ ይኸውም በዩኒቨርሲቲ ማስተማር፤ በኩባንያ መቀጠር፤ ወይም ከገበሬው ማሳ አጠገብ በምርምር ጣቢያ መሥራት ነው። ዶክቶር ገቢሳ በ1978 ዓ. ም. ማዕርጋቸውን ተቀብለው በማግሥቱ ዓመት ኢክሪሳት በተባለው ዓለም አቀፍ የእርሻ ምርምር ድርጅት በሱዳን ሥራ ጀመሩ። በዚያም ድርቅ የሚችለውን ሐጂን ዱራ 1 የተባለውን ድቃላ ማሽላ አስገኙ። በ1983 ዓ. ም. ለገበሬዎች የተሰጠው ይህ ዘር በሙከራ ጊዜ ከአገሬው ማሽላ ከ50 እስከ 100 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጥቶ ነበር። ሆኖም ከድቃላ የተሰበሰበ እህል ተመልሶ ቢዘራ ኃይሉ ስለሚቀንስ፤ ገበሬው በየዓመቱ አዲስ ዘር ማግኘት አለበት። ዘሩን የሚያባዛና የሚያከፋፍል ከሌለ የምሁሩ ድካም በጣቢያው ቅጥር ውስጥ ይቀራል። በሱዳን ግን የዘር ማባዛቱ ሥራ ስለ ተደራጀ፤ በ1999 ዓ. ም. በዚህ ዘር የተሸፈነው መሬት አንድ ሚሊዮን ኤከር ደረሰ።

በ1984 ዓ. ም. ዶክቶር ገቢሳ ሌላውን መንገድ ያዙ፤ በፐርዱ መምህር ሆኑ። ቢሆንም የአፍሪካን ገበሬ ችግር አልተዉም። አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም በሰብሉ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይጠባል፤ ጥቃቅን ዘሩም በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቈያል። የሚበቅለውም የሰብሉ ሥር የሚያመነጨውን ቅመም ሲያገኝ ነው። ስለዚህ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ይህን ቅመም እጅግ ጥቂት ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ መርጠው አዳቀሉ፤ በ1994 ዓ. ም. ስምንት ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። ለዚህ ሁሉ ሥራቸው በ2009 ዓ. ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

በሚያዝያ 2023 ዓ. ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የእርሻ ምርምር ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ዋድ መደኒ ደርሶ ብዙ ተማሪዎችንና ተመራማሪዎችን በትኗል። ተመራማሪን ለማፍራት ሃያ ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ለመበተን ግን አንድ ወር ይበቃል። ስለዚህ ባለሥልጣኖች ተማሪው ዲግሪውን ሳይቀበል አስቀድመው የሚሠራበትን ማሳ፤ መሣሪያና በጀት ሊያዘጋጁለት፤ በስደት ያለውንም በደብዳቤና በሥራ ሊያገናኙት ይገባል። ገበሬውም ምሩቁ ወደ መንደሩ ሲመጣ ማሳውን ያሳየው፤ ችግሩንም ሳይደብቅ ይንገረው። ተማሪውም በበኩሉ የሚያጠናው ነገር ለማን እንደሚጠቅም ከመጀመሪያው ቢያስብበት፤ ረጅሙን የትምህርት ዘመን የሚታገሥበት ምክንያት ያገኛል።